የማቆሚያው ቁልፍ በማን እጅ

«ቁልፉን ለእቴቴ ስጧቸው» አለች ልጅ፣ እጇን በእናቷ ፊት አሻግራ እየጠቆመች።

ባለጢሙ መርከበኛ ከቴሌቪዥን ሪሞት የማይበልጠውን መሣሪያ ለሸበተችው አለቃ፣ ለእቴቴ፣ አስረከበ። አንድ ቀይ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። እሱን የተጫነ ሰው ያንን ወደቡ አፍ ላይ የቆመ ግራጫ የጦር ጀልባ፣ ነጂም ቀዛፊም የሌለውን፣ ባለበት ያስቆመዋል። እናት ብርቱካኗን ይዛ ዳር ቀረች። ልጇን ባሕር ሲያጥወለውላት ብርቱካን እንደሚያድናት ከእሷ በቀር ማን ያውቃል?

ልጅቷ የባሕር ኃይሉ የጀልባዎች ደኅንነት መርማሪ ናት። ሰው አልባ ጀልባ ከሌሎቹ መርከቦች ጋር ከመሰለፉ በፊት፣ ከፊቱ ሰው ሲያይ ማንም ሳያዘው መቆም አለበት። በአሻንጉሊት ሰው ወራት ሙሉ ተፈትኖ አልፏል። በመጨረሻው ቀን ግን «ደኅና ነው» ብሎ የሚፈርመው ሰው ራሱ በትንሽ የጎማ ጀልባ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ደንቡን ያረቀቀችው ልጅቷ ናት። «የሰው ልጅ ፊት ለሚሄድ ነገር እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አልፈርምም» ብላ ድርቅ አለች።

ቁልፉን የሚይዘውን የሚመርጠውም ጎማው ላይ የሚቀመጠው ነው። ቁልፍ ያዡን መርከበኞቹ «ነፍስ ያዥ» ይሉታል። ነፍስ ያዡ ቁልፉን ከነካ ግን ጀልባው ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው፤ የዓመታት ልፋት ውኃ በላው።

እና ነፍስ ያዧ እቴቴ ሆነች። ይህን ስም እናት ስንቴ ሰምታዋለች! እራት ላይ እቴቴ እንዲህ አሉ፣ ስልክ ላይ እቴቴ እንዲያ አሉ። እቴቴ ሻይ ያለ ስኳር ስለሚጠጡ ልጅቷም ስኳር እርግፍ አድርጋ ተወች። በዚያ ስኳር ስትጨቃጨቅ ያረጀችው ግን እናት ነበረች።

«እኔ ልያዘው» አለች ድንገት።

ባለጢሙ ፈገግታውን ጢሙ ውስጥ ደበቀ።

«እማዬ ደግሞ!» ልጅቷ ብርቱካንማ የነፍስ አድን ጃኬቷን እያሰረች ሳቀች። «አንቺማ ገና ሞተሩ ሳል ሲል ነው የምትጫኚው።»

«ብጫነውስ? ይሄ ቆርቆሮ ካንቺ ይበልጣል?»

«ለዚህ እኮ ነው ያልሰጠሁሽ።»

«አይስጉ እናታችን» አለች እቴቴ ረጋ ብላ። «ልጅዎን እመልስልዎታለሁ።»

እመልስልዎታለሁ! እንደ ተዋሰችው ወንፊት። እናት ፊቷ ጠቆረ። «መመለስማ የወሰደ ሰው ነው» አለች። ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ፣ ጎማዋን እየቀዘፈች ራቀች፤ መሐል ባሕሩ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንሽዬ ሆነች።

ግራጫው ጀልባ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ አፍንጫውን ከውኃው ከፍ አድርጎ። ሰገነቱ ላይ ሰው የለም፤ የሚለምኑት ፊት፣ «ኧረ ወንድሜ!» የሚሉት ጆሮ የለውም።

እናት ግን እሱን አይደለም የምታየው። የእቴቴን አውራ ጣት ነው። ቀዩ ቁልፍ ላይ ሳትነካው አንዣብባለች፣ አትንቀሳቀስም። ተጫኚው። ጀልባው ጮኸ። ተጫኚው እንጂ፣ አንቺ ድንጋይ! ይህች ጣት መቼ ትኩሳት ለክታ ታውቃለች? መቼ የጫማ ክር አስራ፣ መቼ እሾህ ነቅላ? ዛሬ መጥታ የልጄ ነፍስ በእሷ ጫፍ ትንጠልጠል? ከልጇ መሞት ሌላ የሚያስፈራት ነገር አለ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። አለ፤ ልጇ በሌላ ሰው እጅ መዳኗ።

ድንገት የሞተሩ ድምፅ ተቆረጠ። ጀልባው አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ደፍቶ፣ አረፋ እየተፋ ቆመ። የገፋው ማዕበል ጎማዋን አንስቶ መልሶ አስቀመጣት። ብርቱካንማዋ ነጥብ ላይ አንድ እጅ ተነሣ።

ወደቡ በደስታ ጩኸት ተናጋ። እቴቴ መሣሪያውን እንደ ያዘች፣ የመርከብ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ጣቴ አልታጠፍ አለኝ» አለች ለማንም ሳይሆን።

ልጅቷ ውኃ እያንጠባጠበች ደረጃውን ወጣች። እናት እጇን ዘረጋች። ልጅ ግን በአጠገቧ አልፋ ወደ እቴቴ ሄደች፤ መሣሪያውን ከደነዘዘው እጅ ቀስ አድርጋ አላቀቀች፣ ቀዩ ቁልፍ አለመነካቱን አየች፣ አንገቷን አቀፈቻት። እናት የተዘረጋ እጇን ሰብስባ ባሕሩን ማየት ጀመረች፤ ባሕሩ ላይ ምን እንዳለ ብትጠየቅ አታውቀውም።

«ብርቱካኔስ?»

እናት ዞር አለች። ልጅ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ሆዷን ይዛ ቆማለች።

«ብርቱካን መያዜን ማን ነገረሽ?»

«አሁን ሊያስመልሰኝ ነው፣ አምጪው በናትሽ!»

እናት ወደ እጇ አየች። አውራ ጣቷ ብርቱካኑ ውስጥ እስከ አንጓው ሰምጧል፤ ጭማቂው በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ላይ ደርቋል። መቼ እንደ ወጋችው አታስታውስም። ከደረቀው ግን ቆይቷል፤ ምናልባት ገና ሞተሩ ሳል ሲል።

ልጅቷ ቀዳዳውን አየችው። ብርቱካኑን ተቀብላ፣ የራሷን አውራ ጣት የእናቷ ጣት በከፈተው ቀዳዳ ከትታ፣ ከዚያው መላጥ ጀመረች።