ብርማው ዘውድ

ረድኤት በወላጆች በዓል ንግሥት ሆና ልትጫወት ነው። እናቷ ለዘውዱ የሚሆን ነገር አላጣችም፤ ስድስት ወር ሙሉ የዋጠችው የሳንባ ነቀርሳ ክኒን ማሸጊያ አልጋ ሥር ተጠራቅሟል። ሐኪሙ «ድነሻል» ብሎ አሰናብቷታል፤ መታመሟን ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። ብርማውን ወረቀት እየላጠች ካርቶን ላይ ለጠፈችው። ማንበብ አትችልምና የፈረንጅ ፊደሉ ጌጥ መሰላት፤ ወደ ውጭ አደረገችው።

በበዓሉ ዕለት ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አስተማሪዋ ዘውዱን ተቀብላ እያደነቀች አገላበጠችው፤ ፊደሉን አነበበችና በጣቷ ጫፍ ይዛ መለሰችው።

ሰኞ ረድኤት እየፈነደቀች ከትምህርት ቤት መጣች።

«እማዬ፣ ንግሥት ዴስክ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው አለችን ቲቸር።»