ሰባተኛው ትምህርት

የእኛ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የናቫሆዎች ቋንቋ በስልክ የቋንቋ መማሪያ አፕ ላይ ሲጨመር፣ ድምፄን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንበብ ብዙም አልችልም፤ ድምፅ ቀጂዎቹ ይነግሩኛል፣ እኔ እላለሁ። በሦስት ቀን ጨረስን።

ትናንት የእህቴ ልጅ ሻንዲን ወጥ ቤት ተቀምጣ ሰባተኛውን ትምህርት ከፈተች። እኔ የበግ ሥጋ እቆራርጣለሁ። ስልኩ «ልጄ፣ ጎሳሽ የማን ነው?» አላት።

«አክስቴ፣ ምነው እዚህ ጋ አረጀሽ?» ብላ ሳቀች።

«አርጅተሽ እይው» አልኳት፤ ግን ቢላውን አስቀመጥኩ። የፊት ጥርስ እንደሌለው ሰው የሚያፏጭ ድምፅ ነው። የእናቴ ነው። እናቴ ደግሞ የሞተችው ቀጂዎቹ ከመምጣታቸው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ ድምፅዋን የቀዳ ሰው የለም።

እኛ ጎሳውን የተጠየቀ ሰው ዝም ሲል ነውር ነው እንላለን። ሙታንን ግን አናነጋግርም፣ ስማቸውንም አንጠራም። ሻንዲን ልትመልስ ስትል አፏን በእጄ ከደንኩት።

«ካልመለስኩ እኮ አያሳልፈኝም» አለች እጄን ገፍታ። «የስልሳ ቀን ልፋቴ ገደል ይገባል።»

«ይግባ። ከእንግዲህ ከእኔ አፍ ነው የምትማሪው።»

ስልኩን ነጥቄ ፊቴ ላይ ያዝኩት።

«ልጅቷን አልሰጥሽም» አልኩ። «ቋንቋውን እኔ አስተምራታለሁ። አንቺ አርፈሽ ተኚ።»

አጠፋሁት። መስታወቱ ጠቆረ፤ የራሴን ፊት አየሁበት።

«አንቺንስ ማን አስተማረሽ?» አለኝ የጠፋው ስልክ፣ በዚያው በሚያፏጭ ድምፅ።