የጣዎሷ ጭራ

ታናሽ እህት ከወረቀት ቆርጣ ያቀለመቻትን ጣዎስ በአምፖሉና በተወጠረው አንሶላ መካከል ስትይዛት፣ ያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ጭራ በአንሶላው ላይ ከሰል መስሎ ታየ። ከአንሶላው ማዶ «ባለቀለም ጥላ አሳያችኋለሁ» ያለቻቸው የሰፈር ልጆች መጠበቅ ሰልችቷቸው ማጨብጨብ ጀምረዋል።

«ባሕር ማዶ የተማርሽው ቁራ መሥራት ነው እንዴ?» አለች ታላቋ፣ የተጠበሰ ድንች እያላመጠች። «አምጪ እስቲ፣ ፈረንጂቱ!» ብላ ጭራውን ለቀም አደረገችው።

«እትዬ! በዚህ ቅባታም እጅሽ?»

ታናሽየዋ ነጠቀቻት። ወረቀቱ ላይ ወዛም የአውራ ጣት ምልክት ቀርቷል። ዕንባዋን እየታገለች፣ ምን ያህል እንደተበላሸ ለማየት ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ሌላው እንደጠቆረ ነው፤ ያቺ ቅባት የነካቻት ቦታ ብቻ ብርሃኑን አሳልፋ በአንሶላው ላይ እንደ ፍም ቀላች። ከማዶ አንዲት ሕፃን «ውይ!» አለች።

እህትማማቾቹ ተያዩ። ከዚያ አራት እጅ የድንቹን ወዝ እየጠረገ ጭራው ላይ ያትም ጀመር። ጭራው ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ለብሶ ሲበራ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ታላቋ ደስ ብሏት የመጨረሻዋን ድንች ወደ አፏ ስትልክ፣ ታናሽየዋ የእህቷን እጅ ለቀም አደረገችው።

«እንዳትበያት! የጣዎሷ ክንፍ ገና ነው።»