የባዕድ ሴት ጉርሻ

ፊደል አልቆጠረችም ብላ ነው መሰለኝ፣ ነርሷ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ሕሙማን የምናበላ በጎ ፈቃደኞችን ስትመድብ እኔን ዘለለችኝ። ይሁን። ሳልመደብ ገብቼ አጎረስኩ፤ በሉልኝም። በመስኮቱ በኩል የተኛው ሽማግሌ ብቻ ጥርሱን ነክሶ እምቢ አለ።

"እማማ፣ እሳቸው ዛሬም ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ እናስገባለን" አለች ነርሷ።

ፍትፍቱን ጠቅልዬ ወደ አፉ አስጠጋሁ። እጄን ገፋው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ነውር አታውቂም? እኔ ባለትዳር ነኝ። አመለወርቅ ከባዕድ ሴት እጅ ስጎርስ ካየች ሁለታችንንም አትምረንም።"

እውነቱን ነው፤ አልምርም። ከፋሲካ ወዲህ ስሜን ሲጠራ ይኸው የመጀመሪያው ነው።

"የላከችኝ ራሷ አመለወርቅ ናት" አልኩት። "ካልበላ አልታረቀውም ብላለች። በል፣ አፍህን ክፈት።"