ሁለተኛው ካሴት

በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ቪዲዮ ቤት ከከፈተች ጀምሮ ሴትዮዋን ሲያንገበግባት የኖረው የፖስታ ዋጋ ነው። የህንድ ፊልም ሁለት ካሴት ነው፤ መላኪያው ሲወደድ የአዲስ አበባው አከራይ አንዱን ብቻ በፖስታ ይልክና፣ "ሁለተኛውን መንገደኛ ሲገኝ" ይላታል። አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰዉ እሷን እየረገመ ይበተናል።

አንድ እሁድ ፊልሙ እዚያው ገደሉ ላይ ሲቋረጥ ጡረተኛው አስር አለቃ ተነሡ። "አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ይውደቅ ወይ ይዳን! ከእንግዲህ እግሬ እዚህ ድርሽ አይልም!" ሌላውም ሊከተላቸው ብድግ አለ።

"ቁጭ በሉ!" ብላ በሩን ዘጋችው።

የፊልሙን መጨረሻ እሷም አላየችውም። ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ታሪኩን በአፏ ጨረሰችላቸው፤ አክተሩን ከገደሉ አወጣችው፣ ክፉውን አጎት በእናትየው ጥፊ አስመታችው፣ ሙሽሮቹን ዳረች፣ የሠርጉንም ዘፈን ራሷ ዘፈነችው። ሰዉ አልቅሶ፣ አጨብጭቦ ሄደ።

በሳምንቱ ሁለተኛው ካሴት በመንገደኛ እጅ ደረሰ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አክተሩ ገደል ገብቶ ሞተ።

"ውሸት ነው!" አስር አለቃ ከአግዳሚው ዘለሉ። "ምን ዓይነት የማይረባ ካሴት ነው ያመጣሽብን? ትክክለኛውን አምጪ!"

በማግስቱ ለአከራዩ ደወለች።

"ስማ፣ ከእንግዲህ መንገደኛ አትፈልግ" አለችው። "መጨረሻውን እዚሁ እንሠራዋለን።"