ዳኛውና ውሸታሟ መኪና

ጡረታ የወጡት ዳኛ አዲሷን ሃይብሪድ መኪና የገዙት ቤንዚን ትቆጥባለች ስለተባለ ነው። ቆጠበችም፤ በዚህ በኩል ክስ የላቸውም። ቁመቷ ከፍ፣ ርዝመቷ አጠር ያለ በመሆኑ ለጉልበታቸው ተስማምታለች። ስትነሣ ድምፅ የላትም፤ ግቢው ውስጥ በባትሪ ብቻ እንደ ድመት ትሾልካለች። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ትዋሻለች።

ባዶ መንገድ ላይ እየሄዱ ሳለ «ጢጥ ጢጥ» ትላለች። መስታወቷ ጥግ ላይ ቢጫ መብራት ታበራለች። ሲብስባት ደግሞ ማንም ሳያዛት ራሷ ፍሬን ትይዛለች፤ ያኔ የዳኛው ግንባር ወደ መሪው፣ የዳኛው ክብር ወደ ወለሉ ይሄዳል። ቀና ብለው ያያሉ። ማንም የለም።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሐሰት ምስክር ስሰማ ኖሬያለሁ» ይላሉ ለባለቤታቸው። «እንደዚህች ያለች ዐይን አውጣ ግን አልገጠመችኝም። ያልነበረ ሰው አየሁ ብላ ድርቅ!»

«ካልነበረ ታዲያ ምን አስጮኻት?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! እኔ ዐይኔ ባላየው ነገር ፈርጄ አላውቅም።»

የዚህችው ዓይነት መኪና ባለቤቶች በስልክ የሚጻጻፉበት ቡድን ነበር። ሰዎቹ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ወንበሩ ምቾት፣ ስለ ጎማው ሲያወጉ ይውላሉ። ዳኛው እዚያ ገብተው አቤቱታቸውን በሰፊው አስፍረው ጠበቁ። አንድ ሰው ብቻ መለሰላቸው፤ «አባቴ፣ የእኔ እኮ የምትጮኸው የሆነ ነገር ሲኖር ነው።» ሰውየው የሻጩ ቅጥረኛ መሆኑን ዳኛው ወዲያው ተረዱ።

ሻጩ ራሱ መኪናዋን በኮምፒውተር አስመረመረና «ጤነኛ ናት» ብሎ መለሳት።

«የገዛ ዕቃውን ራሱ መርምሮ በነጻ ለቀቃት» አሉ ዳኛው። «ምነው እኔም እንዲህ ያለ የተመቸ ችሎት በኖረኝ!»

መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ደግሞ የሰዉም ጠባይ ተበላሸ። ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው የጥርስ ሐኪም፣ ዳማ ሲጫወቱ መስረቅ ጀመረ። ዳኛው ሰሌዳው ላይ አፍጥጠው እያሉ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጠጠር ከቀኝ ዳር ብቅ ይልና ጠጠራቸውን ጠራርጎ ይበላዋል። ቅናት ነው። ይባስ ብሎ ሰውየው «አዲስ መኪና ገዝተው ሰላምታ ነሱን፤ በራቸው ላይ ቆሜ እጄን ባውለበልብ ዘግተውኝ አለፉ» እያለ ለሰፈሩ ያወራል። ዳኛው በራቸው ላይ ማንንም አላዩም። ውሸት እንደ ጉንፋን ይጋባል ማለት ነው።

ግንበኛውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የበሩን ቀኝ ምሰሶ ወደ ውስጥ አስገብቶ ስለሠራው የመኪናዋ ቀኝ ጎን ተላጠ። አሮጌዋ መኪናቸው በዚያው በር ስትወጣ ስትገባ አርጅታ አንድ ጭረት ሳያገኛት መሸጧን ባለቤታቸው አስታወሱ። ዳኛው ይህን ማስረጃ አልተቀበሉትም።

ገበታውም ላይ ቢሆን ፍትሕ ጠፍቷል።

«ድንች ብቻ ነው እንዴ ያወጣሽልኝ? ሥጋው የት ሄደ?»

ባለቤታቸው ሳህኑን ዞር ያደርጉታል። ሥጋው ይመጣል። በዚህ ቤት ካልጮኹ አይሰጥም።

ነገሩ ለፍርድ የቀረበው በልጅ ልጃቸው በሚጢጢ ምክንያት ነው። የእናቷ የሥራ ሰዓት ስለተለወጠ ከሰኞ ጀምሮ ሚጢጢን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት ዳኛው ሊሆኑ ነው። ይህን ሹመት ከቀድሞዎቹ ሁሉ አስበልጠው ይዘውታል፤ ለኋላ ወንበሩ ትንሽ ትራስ ሳይቀር ገዝተዋል።

እሑድ ጠዋት ልጃቸው ሚጢጢን ይዛ መጣች። ነርስ ናት። መኪናዋን ዞራ አየቻት፤ በተላጠው ጎን ላይ ጣቷን አሳለፈች። ከእናቷም ጋር ጥቂት ተንሾካሾከች።

«አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ልጄን በዚህ ሁኔታ አልሰድማ።»

«እሷ ለምትዋሸው እኔ ልቀጣ?»

«እሺ፣ እንፈትናት። እዚሁ ግቢ ውስጥ ወደ በሩ ቀስ ብለህ ንዳት። ሰው በሌለበት ከጮኸች አንተ ረታህ፤ ነገውኑ እኔ ራሴ ወስጄ ለሻጩ አስረክባታለሁ። ካልዋሸች ግን ቁልፉ የእኔ ነው። ሁለተኛ መሪ አትይዝም።»

ዳኛው ደስ አላቸው። ሕግ የሚገባት ልጅ ነው የወለዱት።

«ሚጢጢ የት ናት?»

«ከእማዬ ጋር ቤት ውስጥ።»

«ግቢው ውስጥስ?»

«ከእኔ በቀር ማንም የለም።»

«በይ አንቺም ወደ ቤት። ችሎቱን እንዳትረብሺ።»

ልጃቸው ስትራመድ ብቻ ተሰማቸው።

ዳኛው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ ድሮ ፍርድ ከማንበባቸው በፊት እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንፏቀቀች። ፊት ለፊት በሩ፣ በግራ በኩል የአበባው መደብ። ሌላ ምንም የለም።

ጢጥ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። መኪናዋ ፍሬኗን ይዛ ቀጥ አለች።

ዳኛው መሪውን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። እንዲህ ያለ ንጹሕ ድል ካገኙ ስንት ዘመናቸው!

«እጅ ከፍንጅ ያዝኳት!» ብለው ወደ ቤቱ ጮኹ። «ኑ ውጡና እዩ! አንዲት ነፍስ የሌለበት ባዶ ግቢ! እስቲ አሁን ማን አለ ልትሉኝ ነው?»

«እኔ አለሁ፣ አባዬ» አለች ልጃቸው ከቀኙ መብራት ፊት ቆማ፣ ሁለት እጆቿን ኮፈኑ ላይ እንዳሳረፈች።