የገምጋሚው አስተያየት

የፋይናንስ ፕሮፌሰሩ በስንዱ ላይ ቂም ይዘው ነበር። ሌላ አማካሪ በመምረጧ እንደተናቁ ቆጥረውታል። ዛሬ የዶክትሬት ጥናቷን በምትከላከልበት ዕለት ገምጋሚዋ ሆነው ተሰይመዋል። ጥናቱን የገለጡት ጠዋት መኪና ውስጥ ሆነው ቢሆንም የሚፈልጉትን አላጡም።

«ሠላሳ ሁለተኛውን ገጽ አውጪ» አሏት፣ አዳራሹን የሞሉት መምህራን እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ገበሬ በየወሩ እኩል አይቆጥብም። ድርቅ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ። በዚህ ሠንጠረዥ ግን አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ወር እንኳ ዝንፍ አላለም። ይህን ያዘጋጀው ሰው ገጠር አልወረደም፤ ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር ፈብርኳል። እንዲህ ያለ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦታ የለውም።»

ስንዱ አንገቷን አልደፋችም። «እኔም የደረስኩበት ድምዳሜ ይኸው ነው፣ ፕሮፌሰር» አለች። «ሠንጠረዡ የእኔ አይደለም። ምንጩን ግርጌው ላይ ጽፌዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ግርጌው ጎንበስ አሉ። የራሳቸውን ስም፣ ቀጥሎም የዶክትሬት ጥናታቸውን ርዕስ አነበቡ። በአዳራሹ ሁሉም ያንኑ ገጽ ሲገልጥ ይሰማቸዋል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ቀና አለች።

«አስተያየትዎን እንዳለ ልመዝግበው?»